ለሻምበል መርዕድ ወንበር የተሠራ ዳንቴል

፩

«ትቻለሁ» አልልም።


፪

ከዚህ ቃል በፊት የሆነውን ማስረዳት ይገባኛል።

ስሜ ሚልኪያስ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደሴ ከተማ በሚገኝ አንድ ፍርድ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራዬም ያለቀለትን ክርክር በቁጥሩ አስሮ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሩሐማ የምትባል የኬሚስትሪ መምህርት ላገባ እፈልጋለሁ፤ እርሷም ትፈልጋለች። አባቷ ሻምበል መርዕድ ግን በላክኋቸው ሽማግሌዎች በኩል አንድ ቃል ጠይቀውኛል። ቃሉ ከላይ የተጻፈው ነው። ብናገረው ልጃቸውን ይሰጡኛል።

አንባቢ ሆይ፣ ጽሑፉን በቁጥር የቆራረጥኩት ለመራቀቅ ብዬ አይደለም። የምጽፍበት ነገር፣ ዳንቴሉ፣ ራሱ በቀዳዳ የሚሠራ ነው። ክሩ መልክ የሚይዘው በመካከሉ ባዶ ቦታ ሲተውለት ነው።


፫

በስድስት ዓመት ውስጥ ገዝቼ የተውኳቸው ዕቃዎች፦

የዓሣ መንጠቆ ከነዘንጉ። ሐይቁ ከከተማችን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንድ ጊዜ ሄድኩ። ዓሣዎቹ አልመጡም።

ጊታር። ሁለተኛው ክር ሲበጠስ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

የሩጫ ጫማ። የጦሳን ዳገት ሦስት ጠዋት ያውቀዋል።

የቼዝ ሰሌዳ። ጥቁሩ ንጉሥ የለውም፤ ስገዛውም አልነበረውም፤ ማየት ነበረብኝ።

የክብደት ማንሻ ብረት። ዛሬ የበር ማቆሚያ ነው።

ለቴምብር መመልከቻ የሚሆን አጉሊ መነጽር። ቴምብሮቹን ገና አልገዛሁም።

በዝርዝሩ አላፍርም። እያንዳንዱን የገዛሁት ደንቤን አክብሬ ነው።


፬

ደንብ

አንቀጽ አንድ። በሱቅ ደጃፍ የታየ ዕቃ በታየበት ዕለት አይገዛም።

አንቀጽ ሁለት። ገዢው በዚያ ሱቅ በኩል በሦስት የተለያዩ ቀናት ያልፋል። ቆሞ ማየት እንደ ማለፍ አይቆጠርም።

አንቀጽ ሦስት። በሦስተኛው ቀን ልቡ ካልተመለሰ ይገዛል።

አንቀጽ አራት። በስልክ የሚላክ የዕቃ ፎቶግራፍ እንደ ሱቅ ደጃፍ ይቆጠራል።

ይህን ደንብ የጣስኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።


፭

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከሸዋ በር ወደ ፒያሳ ስመጣ ዝናብ ያዘኝና ከእትዬ ዘሀራ ሱቅ ታዛ ሥር ተጠለልኩ። እትዬ ዘሀራ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ ይሸጣሉ። በመስታወቱ በኩል ክሮቹ በየቀለማቸው ተደርድረው ይታያሉ፤ ከነጮቹ መካከል አንድ ቀይ ድብልብል ማንም ሳያስቀምጠው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ገባሁ። ማን እንደ ላከኝ፣ እኅቴ እንደሆነች ጠየቁኝ። እኅት የለኝም አልኳቸው። ሚስት እንደሆነች ገመቱ፤ እርሷም ገና ናት አልኩ። ከክሩ ጋር ኪሮሽ ጠየቅኋቸው፤ ጫፏ የተቆለመመችውን የዳንቴል መርፌ ማለቴ ነው። እጄን አዩት፤ ቀጥሎ ፊቴን።

«ለማን ልበል?»

«ለእኔ።»

«ለራስህ?»

«ለራሴ።»

ከባንኮኒው ሥር ዱካ አወጡ።

«እንግዲያው ተቀመጥ፤ ቆሞ የተማረው የለም።»

ዝናቡ ሲያባራ ደንቤ ፈርሶ ነበር።


፮

ኪሮሹን እንደ እስክሪብቶ ያዝ። ክሩን በግራ እጅህ ጠቋሚ ጣት ላይ አዙረው፤ አታንቀው፣ አትልቀቀውም። አንድ ቀለበት ሥራ። በቀለበቱ ውስጥ ክሩን ሳብ። ሌላ ቀለበት ሆነ። በዚያም ውስጥ ሳብ።

ሳብ።

ሳብ።

ሃያ የሞላ ሲመስልህ ቁጠር። አሥራ ዘጠኝ ነው። ፍታው።

በመዝገብ ቤት ስሕተት ይሰረዛል እንጂ አይጠፋም፤ ስርዙ ይታያል፣ ይፈረምበታልም። እዚህ ግን ጫፉን ብትስበው እስከ መጀመሪያው ቀለበት ድረስ ይፈታል፤ ክሩም ቂም አይይዝም። በቁጥር ሦስት የተዘረዘሩት ዕቃዎች ሁሉ ሌላ ሰው እንድሆን ይጠይቁኝ ነበር፤ ሯጭ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ጡንቻማ። ኪሮሹ የጠየቀኝ ሃያ እንድቆጥር ብቻ ነው።

ቆጠርኩ።


፯

የመጀመሪያውን ያለቀለት ሥራዬን ለሩሐማ ሰጠኋት። ነጭ ነው፤ ጠርዙ ቀይ። ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ ስታየው ሳቋን ተወች። አንድም ቀለበት ሳትዘል በጣቷ ዙሪያውን ሄደችበት።

ወስዳ በአባቷ ወንበር ራስጌ ላይ አነጠፈችው።

ሻምበሉ ከምሳ በኋላ ራሳቸውን ደገፍ አድርገው ዜና ይሰማሉ። አዲሱን ነገር ከጸጉራቸው ሥር አገኙት፤ ዳሰሱት፤ «እጅሽ ይባረክ» አሏት። ሩሐማ እኮ ቁልፍ እንኳን የምታስተክለው ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዳ ነው። ግን ዝም አለች። ዝምታዋም መልስ ሆነ።

ይህን ስትነግረኝ ሁለታችንም ሳቅን።

ስሕተታችን ይህ ነው። እዚህ ላይ ጫፉን ስበን መፍታት እንችል ነበር።


፰

በምሳ ሰዓት በፍርድ ቤቱ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እሠራ ጀመር። አልተደበቅሁም። ባልደረቦቼ «ሚልኪዬ፣ ለእኔም የሕፃን ኮፍያ» እያሉ አለፉ። የፖስታ ክፍሉ ሰውዬ ጡት ማጥባት የምጀምረው መቼ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቁጥሬ እንዳይጠፋ ቀና ሳልል ማክሰኞ እንደሆነ ነገርኩት። ማክሰኞ ሲመጣ ሌላ ቀልድ አጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።*


* የግርጌ ማስታወሻ። የሻምበሉን የደንብ ልብስ የሰፋው ወንድ ነው። የሚለብሱትን ጋቢ የሸመነው ወንድ ነው። ጫማቸውን የሚጠግነው ወንድ ነው፤ እርሱም የሚሠራው በወስፌ ነው። ወንድነት ከየትኛው የመርፌ ቁጥር ጀምሮ እንደሚያልቅ የተጻፈበት ሰነድ ፈልጌ አላገኘሁም። ሰነድ መፈለግ ደግሞ ሥራዬ ነው።


፱

ወላጆቼ በሕይወት ስለሌሉ ሽማግሌዎቹን የመሩልኝ ጎረቤቴ ጋሽ ይማም ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ሄዱ። እኔ አልሄድኩም፤ ሙሽራ ሽማግሌ አይሆንምና። ስለዚህ የዕጣዬ ጉዳይ የታየበት ችሎት ለእኔ እንዲህ ነው፦







ሲመለሱ እንደ ነገሩኝ፣ ሻምበሉ በክብር ተቀበሏቸው። ልጃቸው የተማረች ብቻ ሳትሆን ባለሙያም እንደሆነች አስረዱ፤ ለማስረጃም ከወንበራቸው ራስጌ ላይ ዳንቴሉን አንሥተው ለጋሽ ይማም አቀበሉ። ጋሽ ይማም ይህን ቀይ ጠርዝ በእኔ ጉልበት ላይ ሲያድግ ሳምንታት አይተውታል። ግራና ቀኙን አገላብጠው «ጥሩ እጅ ነው» ብለው መለሱላቸው።

ልጁ እስኪጠና የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ተሰጠ።


፲

የጥናቱ ውጤት። (ጥናቱ በቃል ነበር፤ ቅጹን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ።)

ይጠጣል? — አይጠጣም።

ይቅማል? — አይቅምም።

እጁ ይፈጥናል? — ሰው መትቶ አያውቅም።

ሌላ ሴት አለችው? — አልተሰማም።

ሌላ? — በአደባባይ ዳንቴል ይሠራል።


፲፩

ሻምበሉ መልእክት ላኩ፤ ይተው፣ መተዉንም በሽማግሌዎቹ ፊት ይናገር፣ ከዚያ ልጄን እሰጣለሁ።

ጋሽ ይማም ወደ ቤቴ መጡ። በበሩ ማቆሚያ ብረት ተደናቀፉ፤ ረገሙት፤ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ አንድ ቃል ናት። ተናገራት። ከዚያ በርህን ዘግተህ እንዳሻህ ሥራ፤ ማን ያይሃል?»

«ጋሽ ይማም፣ እርስዎ ቀኑን ሙሉ መርፌ ይዘው ነው የሚውሉት። ተው ቢባሉስ?»

«እኔማ እንጀራዬ ነው።»

«ለእንጀራ ሲሆን ሙያ፣ ለደስታ ሲሆን ነውር?»

ሥራዬን ከጉልበቴ ላይ ወስደው ሳይጠየቁ አንድ ረድፍ ቆጠሩ። ልጅቷን ልታጣ እንደምትችል ታውቃለህ ወይ አሉኝ። አውቃለሁ አልኩ። እውነትም አውቅ ነበር፤ እጄ በዚያን ዕለት ሃያ መቁጠር አቅቶታል።

«ዋሽቼ ያገባኋት እንደሆነ ግን፣» አልኳቸው፣ «በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በር ዘግቼ ልኖር ነው። እርሷም የበር ጠባቂ ልትሆን ነው። አልልም።»


፲፪

የሁለተኛው ጉብኝት ቃለ ጉባኤ። ምንጮች ሁለት፦ ጋሽ ይማም ከወንበር ላይ፣ ሩሐማ ከመጋረጃ ጀርባ።

ሻምበል፦ ተወ?

ጋሽ ይማም፦ አልተወም።

ሻምበል፦ ለልጄ ሲል እንኳ?

ጋሽ ይማም፦ ለልጅዎ ሲል አልዋሸም።

ሻምበል፦ (ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደግፈው) ይሄ እኮ የሴት እጅ ሥራ ነው። ይኸው፣ የልጄ። ወንድ ልጅ ቁጭ ብሎ ይህን ሲሠራ እስቲ አስቡት።

(መጋረጃው ተገለጠ።)

ሩሐማ፦ አባባ፣ የተደገፉት የእርሱን ሥራ ነው።

(                                        )

ሩሐማ፦ እኔ ኪሮሽ መያዝም አልችልም። አምስት ወር ሙሉ ተደግፈውታል። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥራው ግን የእርሱ ነው።

ሻምበል፦ ለእሑድ ቀጠሮ ይሁን።


በቅንፉ ውስጥ የሆነውን ምስክሮቹ አንድ አድርገው አልነገሩኝም። ሩሐማ፣ አባቷ እሳት እንደ ነካቸው ራሳቸውን አነሡ ትላለች። ጋሽ ይማም፣ አላነሡም፣ ይልቁንም ይበልጥ ደገፍ አሉበት ይላሉ። ሁለቱን ቃል እንደ ተሰጠኝ አስቀምጫለሁ። መዝገብ ቤት አይፈርድም።


፲፫

ረቡዕ ጠዋት ሥራ ቦታዬ ድረስ አንድ የወረቀት ከረጢት ተላከልኝ።

በውስጡ ዳንቴሉ ነበር፤ እንደ ወታደር ብርድ ልብስ አራት ማዕዘን ሆኖ ታጥፏል። አልታጠበም። መሐሉ ላይ የአምስት ወር የጸጉር ቅባት ወዝ አለበት።

ደብዳቤ የለም።

ከሥሩ አንድ ተራ ሲባጎ ነበር፤ ሁለቱም ጫፎቹ ተቋጥረዋል። የከረጢቱ ማሰሪያ እንዳልል ከረጢቱ አልታሰረም። ለሩሐማ ደውዬ የሲባጎውን ርዝመት ነገርኳት። ሄዳ ለካች። የወንበሩ ክንድ ማሳረፊያ ልክ ነው አለችኝ። አባቷ ከሁለተኛው ጉብኝት ጀምረው ቃል አልተናገሯትም፤ ማክሰኞ ግን ከወንበሩ አጠገብ ተንበርክከው አግኝታቸዋለች። ምን ጠፋብዎ ስትላቸው መነጽሬን ብለው ነበር። መነጽሩ ዓይናቸው ላይ ነበር።

አንዱን መመለስ እምቢታ ነው። የሌላውን ልክ መላክ ምንድን ነው? ትእዛዝ ነው? ፈተና ነው? ፌዝ ነው?

አላውቅም። ልክ የተሰጠው ሰው ግን ይሠራል።


፲፬

አራት ቀን። ሁለት ክንድ ማሳረፊያ። ነጭ፤ ጠርዙ ቀይ። ክሩ ስላነሰኝ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ሄድኩ፤ በደንቡ መሠረት ሦስት ቀን ማለፍ ነበረብኝ። አላለፍኩም።

የራስጌውን አላጠብኩትም። ወዙ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃ ደግሞ አይታጠብም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹን ተከትዬ ወጣሁ። ጋሽ ይማም መንገድ ላይ ቆሙ።

«ሙሽራ ሽማግሌ ሆኖ አያውቅም።»

«ዛሬ ያውቃል።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። ከዚያ ጋሽ ይማም ኮሌታዬን በልብስ ሰፊ እጅ አስተካክለው ከፊት ሆኑ።

በሩን የከፈተችው ሩሐማ ናት። ሻምበሉ ቆመው ነበር። እኔን ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ውጣ ግን አላሉም። ወንበራቸው ባዶውን ነበር፤ ራስጌው ላይ ጨርቁ ያልደበዘዘበት፣ የእኔን ሥራ ቅርጽ የያዘ ምልክት ይታያል።

እጅ ነሥቼ አለፍኩ። ራስጌውን አነጠፍኩ። የቀኙን ክንድ አነጠፍኩ። የግራውን አነጠፍኩ፤ የግራው የመጨረሻ ዙር አላለቀም፤ ኪሮሹ እንደ ተሰካበት ነው፣ ክሩም እስከ ኪሴ ይደርሳል። ጊዜ አጥሮኝ አይደለም። «ተወ?» ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይህ ስለሆነ ነው።

የክሩን ጫፍ እንደያዝኩ ወደ ኋላ ተመልሼ ቆምኩ።


፲፭

ሻምበል መርዕድ ወንበሩን ዞሩት። ተቀመጡ። ራሳቸውን አስደገፉ። ኪሮሹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እጃቸውን በግራው ክንድ ላይ፣ ኪሮሹን ሳይነቅሉ፣ አሳረፉ።