አማቴን ደጋግሞ የመግጨት ግዴታ

አማቴን በብስክሌት የገጨኋቸው ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ አራት ሜትር ስፋት ባለው መንገድ ላይ፣ ከእኔና ከእሳቸው በቀር አንድም ሰው በሌለበት ነው። ዝናብ የለ፣ ጭጋግ የለ። ቀይ ሻርፓቸውን ከሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ጀምሮ እያየሁት ነበር። ፍሬኔም ደህና ነበር። ስለዚህ የአደጋ መርማሪው «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ። መልሱስ ነበረኝ፤ ለሰው የሚነገር አልሆነም እንጂ።

እኔ ፖስተኛ ነኝ። መንገዱ እግረኛና ብስክሌት በጋራ የሚሄዱበት ነው፤ ሕጉም አጭር ነው። ብስክሌተኛ ከኋላ ሲደርስ ይደውላል፣ እግረኛ ደወል ሲሰማ ወደ ግራ ይለቃል። ይህን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ችግሩ፣ እኔና አማቴ ከተኳረፍን ሦስት ዓመታችን ነበር፤ ለተኳረፉት ሰው መደወል ደግሞ ቀድሞ መናገር ነው። ቀድሞ የተናገረ ተሸነፈ።

ኩርፊያው የጀመረው በአንድ ሰላምታ ነው። ቤታቸው ገብቼ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሳህን ሲያጥቡ፣ ሁለት ጎረቤቶቻቸው በተቀመጡበት «እንደምን አደሩ፣ እማማ» አልኩ። ዝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። እሳቸው ሳህኑን ገልብጠው ጀርባውን ማጠብ ያዙ። ጎረቤቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደሜ ፈላ። የመጀመሪያውን ቃል እሳቸው ካልተናገሩኝ በቀር አፌን አልከፍትም ብዬ ማልኩ፤ እሳቸውም «ሰላምታ የሚነፍግ አማች ለምኔ» ብለው አኮረፉ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤያቸውን የማስገባው ሳላንኳኳ በበሩ ሥር ነበር። ማንኳኳትም መናገር ነውና።

ያን ቀን እንግዲህ እሳቸው መሐል መንገዱን ይዘው ከፊት፣ እኔ የደብዳቤ ከረጢቴን ጭኜ ከኋላ። አውራ ጣቴ ደወሉ ላይ ነበር። የእኔ ሰንሰለት ዘይት ካየ ቆይቷል፤ ሲንጫጫ ሰፈር ይሰማዋል። «እኔ መሆኔን ያውቃሉ፣ እልህ ይዟቸው ነው እንጂ» አልኩ። በጎን ዞሬ ማለፍ እችል ነበር፤ መዞርም ግን መሸነፍ መሰለኝ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል። አሁን ይለቃሉ፣ አሁን ይለቃሉ ስል ደረስኩባቸው። ፍሬን የያዝኩት በመጨረሻዋ ክንድ ላይ ነው። እሳቸው ክርናቸው ተላጠ፣ ከረጢቴ ላይ ዱብ ብለው ተቀመጡ፤ የያዟቸው አሥራ አንድ ብርቱካኖች በየአቅጣጫው ተንከባለሉ። ያኔም አልተነጋገርንም። እኔ ብርቱካን ለቀምኩ፣ እሳቸው ደብዳቤ ለቀሙ።

መርማሪው ቀጭን፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነበር። ጠመኔ፣ ሜትር፣ ባንዲራና ቅጽ ይዞ መጣ።

«ደውለዋል?» አለኝ።

«ደውያለሁ» አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

«አልደወለም» አሉ አማቴ፣ ወደ እኔ ሳያዩ። «እንዲህ ያለ ሰውዬ ብስክሌት ላይ መውጣት የለበትም። ልጄንም ሲያገባ ነግሬያት ነበር።»

መርማሪው ወደ ቅጹ ጎንበስ ብሎ ዕድሜያቸውን ጠየቃቸው።

«አሥራ አንድ» አሉ አማቴ። «አሥራ አንዱም የተመረጡ ነበሩ።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያቸውና ጻፈው። እኔ ንቀታቸው ነው አልኩ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ እንኳ ይቀልዳሉ።

ቅጹ ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው። ጥፋቱ የብስክሌተኛው ከሆነ ታርጋው ይፈታል፤ ታርጋ የሌለው ፖስተኛ ደግሞ ምድር ቤት ወርዶ ደብዳቤ ይለያል። ከእኔ በፊት የወረደው ባልደረባዬ እዚያ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ሰው የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በፖስታ ሳጥን ቁጥሩ ነው። ጥፋቱ የእግረኛዋ ከሆነ ያለ አጃቢ መንገዱን አይረግጡም። አማቴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ከቤታቸው ወደ ገበያም ወደ ልጃቸውም የሚወስደው ያ መንገድ ብቻ ነው። ምክንያቱ ጨርሶ ካልታወቀ ደግሞ መንገዱ ራሱ አደገኛ ነው ተብሎ ለብስክሌት ይዘጋል፤ ያኔ ዳቦ አመላላሹም፣ ነርሷም፣ ተማሪውም ከነዘር ማንዘሬ ይረግመኛል።

ምክንያት የሚፈለገው ደግሞ አደጋውን በመድገም ነበር። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ልብስ፣ በዚያው ጭነት፣ እስከ ሦስት ጊዜ። መርማሪው የአደጋው አካል እንዳይሆን መቶ እርምጃ ርቆ ይቆማል። ባለቤቴ ለእናቷ ትራስ ይዛ መጥታ ነበር፤ መርማሪው ግን «በዕለቱ ትራስ ነበር?» ብሎ መለሰው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በመጀመሪያው ድግግሞሽ ባንዲራው ወረደ፣ አማቴ መራመድ ጀመሩ፣ እኔም ፔዳሌን ረገጥኩ። አውራ ጣቴን ደወሉ ላይ እያንቀሳቀስኩ፣ ሳልጫነው ሄድኩ። እሳቸው አልለቀቁም። ገጨኋቸው። መርማሪው እየሮጠ መጥቶ ብርቱካኖቹን ቆጠረ።

«በዕለቱ ስምንት ወደ ግራ፣ ሦስት ወደ ቀኝ ነበር የተንከባለለው። ዛሬ ስድስትና አምስት ነው። አልተመሳሰለም» አለና ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ደውለዋል?»

«ደውያለሁ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«ንፋስ ነው» አልኩት።

ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ያዘ፤ ቆይቶ «ቀላል ንፋስ» ብሎ ጻፈ።

በሳምንቱ ሁለተኛውን ስንደግም ሰው ወንበር ይዞ መጥቶ ነበር። የመርማሪው ጽሕፈት ቤት በበኩሉ ለጥንቃቄ «ቀስ ይበሉ፤ እዚህ አደጋ ይደገማል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ መሐል መንገዱ ላይ ተክሏል። አንድ ብስክሌተኛ ሰሌዳውን ሲያነብ ሰሌዳውን ገጨው። የእሱም አደጋ መደገም ስላለበት ተራ ያዘ፤ ከኋላችን ግንባሩን በፋሻ አስሮ ቆሞ «የእናንተ ቶሎ ያልቃል?» ይለኛል። ብርቱካኖቹ ለማስረጃነት ጽሕፈት ቤት ስለከረሙ ለስልሰዋል፤ ሁለቱ መንከባለል አቅቷቸው ባሉበት ፈረጡ። አማቴን ገጨኋቸው። በዚህኛው የገዛ ጉልበቴ ነው የተላጠው። «ደውለዋል?» «ደውያለሁ።» «አልደወለም።» ከተመልካቹ አንዱ፣ የሚስቱ ወንድም ስላላየው በሚቀጥለው ሳምንት ይኖር እንደሆነ መርማሪውን ጠየቀው።

ከሦስተኛው በፊት ባለቤቴ የተቀደደውን የሱሪዬን ጉልበት እየጣፈች ነበር።

«ሰማህ? መንገዱ ከተዘጋ በዚህ ሰፈር ቀና ብለን አንሄድም። እሷን እንደሆን ታውቃታለህ፣ ግትር ናት። አንተ ደውልና ገላግለን።»

«ሦስት ዓመት ታግሼ?»

«መች ታገሥክ? አኮረፍክ እንጂ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ለእሷ ስል እደውላለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ምድር ቤቱም በሐሳቤ አልጠፋም ነበር፤ መርማሪው ደወሌን በጆሮው ከሰማ ያምነኛል።

በሦስተኛው ቀን ባንዲራው ወረደ። አማቴ ቦርሳቸውን አቅፈው፣ እርምጃቸውን በከንፈራቸው እየቆጠሩ ሄዱ። ሠላሳ እርምጃ ሲቀረኝ አውራ ጣቴ ተጫነ። ደወሉ ጮኸ። ሦስት ዓመት ሙሉ የዋጥኩት ነገር በዚያ ድምፅ ሲወጣ ፊቴ በእፍረት ጋለ። ተሸነፍኩ አልኩ፣ አሁን ደስ ይበላቸው።

አልለቀቁም።

ደግሜ ደወልኩ። ወንበር ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። ሰሌዳ የገጨው ሰውዬ ዞረ። አራተኛ ፎቅ ላይ ልብስ የምታሰጣ ሴት ሳትቀር አንገቷን አውጥታ አየች። አማቴ ብቻ አልዞሩም። ንዴቴ እስከ ጆሮዬ ወጣ፤ «እማማ!» ብዬ ጮህኩ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያ ቃሌ ነበር። ይሄኔ ደንገጥ ማለት ነበረባቸው። የተኳረፈ ሰው ሲጠሩት ባይዞር እንኳ ትከሻው ያውቃል፣ አንገቱ ይሰማል። የእሳቸው ትከሻ ምንም አላወቀም። ከንፈራቸው ቁጥሩን አላቋረጠም።

ያኔ ገባኝ። አማቴ አይሰሙም።

መሪዬን ጠመዘዝኩና ቁጥቋጦው ውስጥ ከነደብዳቤዬ ገባሁ። እሳቸው የጠመኔው ምልክት ላይ ደርሰው ቆሙ። እግራቸውን ሰፋ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እስኪገጩ ጠበቁ። ቆዩ። አንድ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ዞሩ፣ እሾህ መሐል አዩኝ።

«አንተ፣ ምን ሆነህ ነው የምትዘገየው?» አሉኝ።

ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቃል መጣ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልሆነም። ሳህን ሲያጥቡ የነበረው ጀርባቸው ትዝ አለኝ። ለካ የዚያን ቀን ሰላምታዬ ጆሯቸው አልደረሰም። ለካ ሲያወሩ ሰው ጣልቃ የማያስገቡት ወሬ ስለሚወዱ አይደለም፤ የሚያወራ ሰው መስማት አይጠበቅበትም። ልጃቸው እንኳ አላወቀችም። ብቻሽን መኖር አትችዪም እንዳይባሉ እንደ ሚስጥር ይዘውታል።

መርማሪው ፊቱ አብርቶ እየሮጠ ደረሰ።

«ዛሬ ሰማሁ! ሁለት ጊዜ ተደውሏል፤ እግረኛዋ ግን አልለቀቁም። ምክንያቱ ተገኘ!» አለና እስክሪብቶውን ወደ እሳቸው ሳጥን አወረደ።

አማቴ ዓይናቸውን ከእሱ አፍ ወደ እኔ አፍ፣ ከእኔ አፍ ወደ ሰዉ አፍ ያመላልሳሉ። የተባለውን እንዳልያዙ ገባኝ። ያንን አስተያየት ሦስት ዓመት ሳየው ኖሬ ኩራት ነው የምለው። ፍርሃት ኖሯል።

«ይቆዩ» አልኩት። «ያን ቀን አልደወልኩም።»

«ሦስት ጊዜ ደውያለሁ ብለውኛል።»

«ዋሽቼ ነው። ስደውል የዛሬው የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸውም ዛሬ ያልለቀቁት አለመደወሌን ስለለመዱ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉም?»

«ተኳርፈን ነበር።»

መርማሪው ቅጹን ከላይ እስከ ታች፣ ገልብጦም ጀርባውን አየ። «ኩርፊያ የሚል የለም» አለ እያዘነ። ከዚያ የእኔን ሳጥን ሞላ፤ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ታርጋዬን እዚያው ፈታው። ባለቤቴ ከሰዉ መሐል ሆና እንደ እብድ አየችኝ። አማቴ ታርጋው ሲፈታ ሲያዩ ግን ፊታቸው ተፈታ፤ ወደ ተመልካቹ ዞረው «አልደወለም አላልኳችሁም?» አሉ። ሰዉም አጨበጨበላቸው።

አሁን ምድር ቤት ነኝ። መስኮት የለውም፤ ባልደረባዬ «ሁለት ሺህ አርባ» ብሎ ነው የሚጠራኝ። ጠዋት ጠዋት ፖስተኞቹ ከረጢት ሊወስዱ ሲወርዱ ለእያንዳንዳቸው እነግራቸዋለሁ፦ «ቀይ ሻርፕ ያደረጉ ሴትዮ ካያችሁ በደወል አትመኩ። ፍሬን ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ በጎን ዙሩ።» ለዳቦ አመላላሹም ነግሬዋለሁ፣ ለነርሷም። አማቱን ፈርቶ ነው ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ እስካሁን ማንም አልገጫቸውም።

አማቴ በየእሁዱ ቤታችን ይመጣሉ። እንዴት እንደረቱኝ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ይተርካሉ፤ በእሳቸው ትረካ ብርቱካኖቹ አሁን ሃያ ደርሰዋል። ባለቤቴ ለምን በመጀመሪያው ቀን እንዳላመንኩ ደጋግማ ትጠይቀኛለች። እሷን ለማሳመን አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር፤ ግን ሚስጥሩ የእኔ አይደለም፣ ሆድ ይፍጀው ብያለሁ። ለአማቴ ስናገር ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ ከንፈሬን እያላቀቅኩ፣ ቀስ ብዬ ነው። ባለፈው እሁድ ይህን ሲያዩ ቆዩና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምድር ቤቱ ጠቅሞታል» አሉ። «ድሮ ያጉተመትም ነበር። አሁን አፉን ከፍቶ እንደ ሰው ይናገራል።»

ባለቤቴ ሳቀች። እኔ የምላቸው ነበረኝና፣ ከመናገሬ በፊት ፊቴ ብርሃን እንዲያገኝ ወንበሬን ወደ መስኮቱ ሳብኩ።