ምሳ ሰዓት ላይ የሚመጣው ጡረተኛ

ስልሳ ዓመት በሞላኝ ወር የጡረታ መውጫው ዕድሜ ስልሳ ሦስት ሆነ። ሠላሳ አራት ዓመት ወልድያ ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ ቤቴ መርሳ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። የምመኘው ትልቅ ነገር አልነበረም፤ ከባለቤቴ ከሀጂራ ጋር ቤቴ ቁጭ ብዬ ምሳ መብላት ብቻ። የሰው ሀብት ባለሙያዋ ፍሬሕይወት፣ "መምህር ኑርሁሴን፣ ምን ያስከፋዎታል? በቆዩ ቁጥር የጡረታ አበልዎ እኮ ከፍ ይላል" አለችኝ። ልጅት ገና ሠላሳ አልሞላትም፤ መድከም ምን እንደሆነ የት ታውቀዋለች! ተናድጄ ከቢሮዋ ወጣሁ።

በሳምንቱ ጎረቤቴ ዓሪፍ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ "ትናንት ቀትር፣ ዙሁር ሶላት ላይ ከጎኔ ሰግደህ፣ ሳትሰናበተኝ የት ገባህ?" አለኝ። እኔ በዚያ ሰዓት ወልድያ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ክፍልፋይ አስተምር ነበር። ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ማታ ግን ሀጂራ ራት እያቀረበች፣ "ምሳ ላይ ያን ያህል በልተህ አሁንም ራበህ?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ምሳዬን የበላሁት ወልድያ ነበር።

በማግስቱ አሞኛል ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መርሳ ወርጄ፣ በጓሮ በኩል ማንጎው ሥር ቆሜ ወደ ቤቴ አየሁ። በረንዳው ላይ፣ ከሀጂራ ጋር አንድ ትሪ ከብቤ እኔው ተቀምጫለሁ። ያኛው እኔ ሽርጥ ለብሷል፣ ጢሙን አሳድጓል፤ እጁ ላይ የጠመኔ ብናኝ የለም። የሆነ ነገር ተናገረና ሀጂራ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዓመቴ! ልግባ ብዬ አንድ እግሬን አነሳሁ፤ ግን ከገባሁ ሳቋ ይቆማል። ፈርቼም ነበር። ቀንቼም ነበር፤ ሰው በራሱ ላይ ይቀናል ቢሉኝ አላምንም ነበር። መኪና መንገዱ ዳር ተመልሼ እስኪመሽ ጠበቅኩ።

ከዚያ በኋላ ዝም አልኩ። እሱ ጡረታ ወጥቷል፣ እኔ እሠራለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። በሦስተኛው ዓመት ሀጂራ ማታ ማታ ፊቴን ትክ ብላ እያየች፣ "አሁንስ ደህና ነህ፤ ቀን ላይ ግን በጣም እየከሳህ ነው" ትለኝ ጀመር። አንድ ቀን ደግሞ፣ "ዛሬ ምሳህን አልነካኸውም" አለች። እኔ አንዳች ሕመም አልነበረብኝም።

ስልሳ ሦስት ልሞላ አምስት ወር ሲቀረኝ፣ አንድ ማታ ቤቴ ስደርስ ሀጂራ በር ላይ ቆማለች። ምሳው በረንዳው ላይ እንደተከደነ ነው።

"ዛሬ ለምሳ አልመጣህም" አለችኝ።

እሱ ሞቷል ማለት ነው። በስልሳዬ ብወጣ ኖሮ የማርፍባት ዕድሜ ይቺው ነበረች፤ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር። እሷንም እሱ ኖራት።

"ሀጂራ፣ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ በቀን መጥቼ አላውቅም።"

"አውቃለሁ" አለች። "አንተ ማታ ደክመህ የምትመጣው ነህ።"

ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ባሏ እንደሞተባት ሴት ነው ያለቀሰችው። አጠገቧ ተቀምጬ ለሞተ ሰው የሚባለውን "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ? እጄን ብዘረጋላት አልያዘችውም። ሲነጋ ተነስቼ ወልድያ ሄድኩ፤ አምስት ወር ይቀረኛላ።