አቤት ያላለችው ተማሪ

ልብስ ሰፊው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ወሬ አይወድም። ሰው ሲመጣ ይለካል፣ ይጽፋል፣ «ሐሙስ ነይ» ይላል፤ አለቀ። ድሮ ቀልድ አዋቂ ስለነበር ደንበኞቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ በኋላ ለመዱት። መኖሪያው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ። ልጁ ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ትወጣለች፣ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች፣ ራት ታቀርባለች።

«ደህና ዋልሽ?»

«ደህና።»

ከዚህ የረዘመ ነገር በመካከላቸው ከተነገረ ከርሟል። እሱ ግን ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ቆጥሮት፣ «ልጄ ትልቅ ሰው ሆነችልኝ» ይል ነበር በሆዱ።

አንድ ማክሰኞ በምሳ ሰዓት የልጁ የክፍል ጓደኛ እያለከለከች ገባች። የስፖርት ሱሪ ለብሳ፣ የዩኒፎርም ጉርዷን በእጇ ጠቅልላ ይዛለች።

«ጋሼ፣ እቺን ጠቅ ጠቅ አድርግልኝ። ከሰዓት ክፍል አለኝ።»

«ምን ቀደደው?»

«አጥሩ ነዋ። እኔ መዝለል ብቻ ነው የዘለልኩት።»

«በር የለም?»

«አርፍጄ! በበር ከገባሁ ማኅተም ትይዘኛለች።» ማኅተም ተማሪዎቹ ለምክትል ርእሰ መምህሯ ያወጡላት ስም ነው፤ ማኅተሟን በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። «ኋላ እንደ ልጅህ ብታግደኝስ?»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«እንደ ማን?»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «ወይኔ ጉዴ! አልነገረችህም እንዴ?»

«ተናገሪ።»

«ስምንት ቀኗ ነው እኮ። ቀሪ አበዛች ተብላ ነው የታገደችው። ደግሞ ቀርታ እንዳይመስልህ፤ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው። ስም ሲጠራ አቤት አትልም፤ አዲሱ የክፍላችን መምህር ደግሞ ቀና ብሎ አያይም፤ ዝም ያለውን ሁሉ ቀሪ ይለዋል። እኛ ‹አለች እኮ› ስንለው፣ ‹ጠበቃ አቁማለች እንዴ?› ይላል። አሥር ቀን ሲሞላት፣ ‹ስለቀረሽ ወላጅ እስክታመጪ ቅሪ› አሏት።» ልትስቅ አለችና ፊቱን አይታ ተወችው። «የባሰው ደግሞ የእገዳውም ቀን እንደ ቀሪ ይቆጠራል። ዛሬ አሥራ ስምንት ገባች። ሃያ የሞላው የዓመቱን ፈተና አይቀመጥም።»

«የት ነው የምትውለው?»

«ሆስፒታል። ታማ አይደለም። እዚያ ማንም ሰው ለምን ተቀመጥሽ አይልም ትላለች።»

ልብስ ሰፊው ብድግ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። «ጋሼ! ጉርዴስ?» አለች ልጅቷ። ተመልሶ ተቀመጠ። ይቺም በጉርድ ሰበብ የእገዳ ደብዳቤ እንዳይደርሳት፣ የቀረችውን ሁለት ጣት ስፌት ጨርሶ ሰጣትና ሱቁን ዘጋ።

ያንን ሆስፒታል የሚስቱን አስከሬን ተቀብሎ ከወጣ ጀምሮ ረግጦት አያውቅም። ለጉዳይ እንኳ በዚያ በኩል ሲያልፍ ወደ ማዶ ተሻግሮ ነው። አሁን ግን ሚስቱ በሕመሟ ጊዜ ተራ ስትጠብቅበት እስከነበረው የተመላላሽ ታካሚዎች መጠበቂያ ድረስ ማንንም ሳይጠይቅ ሄደ። ረጃጅሞቹ አግዳሚዎች እንዳሉ ናቸው። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ፣ የሰው ጭንቅላት ተደግፎ ተደግፎ ያወዛው መስመር አለ፤ ከዚያ ውስጥ የሚስቱም ድርሻ አለበት።

ልጁ እግሩን በፋሻ በጠቀለለ ሰውዬና ሕፃን በታቀፈች እናት መካከል፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ስታየው አልደነገጠችም። ፈቀቅ ብላ ቦታ ሰጠችው።

«ምነው አልነገርሽኝም?»

የቦርሳዋን ማንገቻ በጣቷ ጠቀለለች።

«ወላጅ አምጪ ካሉሽ እኔ ምንድን ነኝ? የግድግዳ ሥዕል ነኝ?»

«አንተን ይዤ ሄጄ ምን ልበላቸው?» አለች ወለሉን እያየች። «ለምን አቤት አትዪም ብለው ፊትህ ይጠይቁኛል።»

«እውነቱን ትነግሪያቸዋለሻ።»

«እውነቱማ አንተ ነህ፣ አባዬ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ግን ያ ቀን ፊቱ ድቅን አለ። ከቀብሩ ሳምንት ሳይሞላ፣ ሐዘን ሊደርሱ የመጡት ሰዎች እንደ ተበተኑ፣ ከሱቁ ሆኖ ልጁን ተጣራ። ከመጋረጃው ወዲያ «አቤት!» የሚል ድምፅ መጣ፤ መጨረሻው ሳብ ያለ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰማው የኖረው የሚስቱ «አቤት»። መቀሱ ከእጁ ወደቀ። ሮጦ መጋረጃውን ገለጠው። ማማሰያ በእጇ የያዘች ልጁ ነበረች። ያኔ ነው፣ ከየት እንደ መጣ በማያውቀው ቁጣ የጮኸባት፦ «ሁለተኛ በዚህ ድምፅ አቤት እንዳትዪ!»

በነጋታው ረስቶታል። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ብዙ ይናገራል፤ የተናገረውን የሚሸከመው ሌላ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሳትጠራ ትመጣ ጀመር። ውሃ ሲያምረው ውሃ ይዛ፣ ክር ሲያልቅበት ክር ይዛ ትቆማለች። ጨዋነቷን የሚያደንቀው ይህንን እያየ ነበር።

«እኔ ያልኩት ለቤት ነው እንጂ…» አለ፣ የማይረባ መልስ መሆኑ እየታወቀው።

«ክፍል ውስጥም አቤት ስል ድምፁ ያው የእሷ ነው። እኔም እኮ እሰማታለሁ።»

አንዲት ነርስ ከበሩ ብቅ ብላ ቁጥር ጠራች። ሕፃኑን የታቀፈችው እናት ተነሣች። ከአባትና ልጅ አጠገብ የተለቀቀው ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም።

በማግስቱ ጠዋት አብረው ትምህርት ቤት ሄዱ። የምክትል ርእሰ መምህሯ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጥራዝ ወረቀት አለ፤ የእገዳ ደብዳቤው አስቀድሞ የታተመ ነው፤ ስምና ቀን ብቻ ይሞላል፤ ጥፋቱም በቁጥር ነው የሚገለጸው። ከዚያው ጥራዝ ወላጅ የሚፈርመውን የግዴታ ቅጽ ገንጥላ አቀበለችው።

«እዚህ ጋ ይፈርሙና ልጅዎ ትግባ።»

እንደ ልብስ ልኬት በጣቱ እየተከተለ አነበበው። «‹ልጄ አሥር ቀን መቅረቷን አምኜ› ይላል።»

«አዎ።»

«ብፈርም፣ የዛሬውን ጨምሮ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርታለች ማለት ነው።»

«መዝገቡ ነው የሚለው።»

«አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዛት ዓመቷ ገደል ገባ። አልፈርምም። ልጄ አልቀረችም።»

ምክትሏ ተነፈሰች። «በቀን ስንት ወላጅ እዚያ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ያውቃሉ? ሁሉም ልጄ መልአክ ነው ይላል።»

«መልአክ ነች አልወጣኝም። ክፍል ውስጥ ነበረች ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን አቤት አትልም?»

የተፈራው ጥያቄ መጣ። ልጁ በሩ አጠገብ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ልብስ ሰፊው ለወንድሞቹ ያልነገረውን፣ ለጎረቤት ያልነገረውን፣ ለማያውቃት ሴት ነገራት። የሚስቱን ድምፅ፣ መጋረጃውን፣ ጩኸቱን። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ሲጨርስ፤ «ቁጥር ካለው እኔ ላይ ጻፉት።»

ምክትሏ ወደ ልጅቷ ዞረች። «ለምን ይሄን ቀደም ብለሽ አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች ልጅቷ። የድፍረት አልነበረም፤ የጠየቃትን ሰው በእውነት ለማስታወስ እንደሚሞክር ሰው ነው ያለችው።

ስም የሚጠራው የክፍሏ መምህር ተጠራ። ጠመኔ የነካ እጁን በጋዋኑ እየጠረገ ገባ።

«ይቺ ልጅ ክፍል ውስጥ ነበረች?» አለችው ምክትሏ።

«ስሟን ስጠራ…»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ነበረች?»

ልጅቷ ከቦርሳዋ ደብተሯን አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በየገጹ በቀይ እስክሪብቶ የራሱ የመምህሩ እርማት፣ የራሱ ፊርማ፣ ቀኑ። ምክትሏ መዝገቡን ከጎኑ አድርጋ በጣቷ አመሳከረች። ቀሪ ባላት ቀን የቤት ሥራዋን አርሟል። አንዱ ላይ እንዲያውም «ጎበዝ» ብሎ ጽፎላታል።

«ስልሳ ሰባት ልጆች ናቸው» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ። «ቀና ካልኩ ጊዜው ያልቃል።»

ምክትሏ አሥሩን ቀሪ አንድ በአንድ ሰርዛ በየስርዙ ፈረመች። የእገዳውን ቀናት ስትደርስ እጇ ቆመ።

«እነዚህን እኔ ብቻዬን መሰረዝ አልችልም። ነገ ኮሚቴ አለ። ያገድነውን ልጅ ቀሪ ማለቱ እንዲቀር አነሣለሁ። ደግሞም ማንም ልጅ ቁጭ ብሎ ሳይጠየቅ ደብዳቤ እንዳይወጣ።»

«እሺ ይላሉ?»

«እንጃ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጥሩ አድርጌ ነው ያሳመንኳቸው።» ከጥራዙ ተቆርጠው የወጡትን ደብዳቤዎች ቅሪት በአውራ ጣቷ ገለጠች፣ ገለጠች። «እነዚህንም ምን ሆናችሁ አላልኳቸው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ለፈተናው ግን አይስጉ። አሥሩ ስለተሰረዘ ትቀመጣለች» አለችው።

ኮሪደሩ ላይ አባትና ልጅ ፊት ለፊት ቆሙ። ሊያቅፋት ፈለገ፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፋበት። የአንገትጌዋን እጥፋት አስተካከለላት፤ የተስተካከለ ነበር።

«ድምፅሽ ያንቺ ነው» አላት። «ቤትም፣ እዚህም፣ የፈለግሽውን በዪበት።»

«ይከብድሃላ።»

«ይክበደኝ።»

ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ደወል ተደወለ፤ የክፍሎቹ በሮች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የልጁ የትኛው እንደሆነ እስከዚያች ቀን ጠይቆ እንደማያውቅ ያኔ ትዝ አለው። ግቢው ጭር አለ። ዘበኛው ከበሩ ሆኖ አየው።

«አባት፣ ጉዳይዎን ጨረሱ?»

«ጨረስኩ። ልጄ ገባችልኝ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ምንም። ሥራ አለኝ» አለ ልብስ ሰፊው፤ ግን ከተዘጉት በሮች በአንዱ «አቤት» ሲባል ይሰማ እንደሆን ጆሮውን ስለጣለ፣ ወደ ዝምተኛው ሱቅ የሚወስደውን መንገድ ለመጀመር ጥቂት ጊዜ ወሰደበት።