በሎደር የመጣው ሙሽራ

የይታያልና የጸደንያ ሠርግ ሁለት ጊዜ ተላልፏል። ያስተላለፈውም ሰው ሳይሆን ውኃ ነው።

መጀመሪያ የተቀጠረው ካለፈው ፋሲካ በኋላ ነበር። ያኔ ከሞጣ በታች ባለው በሙሽራይቱ ቀበሌ ምንጩ ደረቀ። የጠላ መጥመቂያው ቀርቶ የሚጠጣው እንኳ በአህያ ከሩቅ ይመጣ ስለነበር፣ አባቷ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ «እንግዳ ጠርቼ አፉን አድርቄ አልሸኝም» ብለው ወደ ጥር አዛወሩት። ኅዳር ላይ ደግሞ ጤፉ ታጭዶ ተከምሮ ሳለ ዝናብ ወረደበት። ማን ኅዳር ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ ይጠብቃል? ክምሩ ከውስጥ በቀለና አረንጓዴ ጸጉር አወጣ። ሠርጉ ከጥር ወደ ቅበላ ተገፋ፤ ጤፉም ከዘመድ አዝማድ ተሰበሰበ።

ከቅበላ በኋላ ግን መሄጃ የለም። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ በጾም ሠርግ አይደገስም። መሪጌታም በሽማግሌ «ይኼም ከቀረ ቀረ ነው። እግዚአብሔር ሦስት ጊዜ የከለከለውን አራተኛ የምጠይቅ ደፋር አይደለሁም» ብለው ልከዋል። ስለዚህ ያን እሑድ ጠዋት ከቢቸና ስንነሣ፣ ይታያል አዲስ ሱፉን ለብሶ በሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚያየው ሰማዩን ብቻ ነበር።

«ሰማዩን ተወው፤ ሙሽራ ወደ ፊት ነው የሚያየው» አለው ይርሳው።

«ጮቄ ተራራ ላይ ደመና አለ።»

«ጮቄ ላይ ካልኖረ የት ይኑር? ቤቱ እኮ ነው!»

ይርሳው አንደኛ ሚዜ ነው። በቢቸና ገበያ ልብስ ይሸጣል፤ ያልጠየቁትን ሁሉ ይመልሳል። እኔ ባምላኩ ደግሞ የይታያል የአክስቱ ልጅ ስሆን ሁለተኛ ሚዜ ነኝ። እሺ ያልኩት ሥራህ ዣንጥላ መያዝ ብቻ ነው ስለተባልኩ ነው። መናገር የሚያስፈልግበት ቦታ ሁሉ የይርሳው ነበር፤ በተለይ በሩ።

በእኛ አገር ሠርገኛ ሙሽራይቱ ቤት ሲደርስ ዝም ብሎ አይገባም። ጓደኞቿ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሩን ይዘጋሉ። ሚዜዎች ሽቶ ይረጫሉ፣ ይለማመጣሉ፣ ይከራከራሉ፤ ሲያሸንፉ ይገባሉ። ይርሳው ለዚህ ትልቅ የሽቶ ጠርሙስ ገዝቶ፣ መልሱን ሁሉ አሰናድቶ፣ መንገዱን ሙሉ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ነበር።

መንገዱ አቧራ ነበር። አንዲት ጠብታ አላገኘንም። ሸንበቆ ወንዝ ስንደርስ ግን ሹፌሩ ድንገት ቆመ።

ሸንበቆ ወንዝ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ሸንበቆው ከጠፋ ቆይቷል፤ ከገና በኋላ ውኃውም የለም። ያን ዕለት ግን ቡናማ ሆኖ፣ ድንጋይ እያንከባለለ፣ እያጓራ ይወርዳል። መንገዱ ከሥሩ ተቦርቡሮ፣ በሥሩ የነበሩት የሲሚንቶ ቱቦዎች ተነቃቅለው ወጥተዋል። ዝናቡ ጮቄ ላይ ዘንቦ ነበር፤ ለእኛ የደረሰን ጎርፉ ነው።

«ያ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ይታያል።

ከወንዙ ራስ በኩል ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች እንደ ዳክዬ መንጋ ተሰልፈው ይመጣሉ። ከኋላቸው አንድ ትልቅ ድንኳን ሆዱን ነፍቶ እየተንገዋለለ መጣ። ከድንኳኑ ኋላ ደግሞ ባለ ቀለም ጨርቅ፣ ፊደሉ ወደ ሰማይ ዞሮ፣ ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። «ይታያልና ጸደንያ እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል።

«ስሜ!» ብሎ ጮኸ ይታያል። «ስሜ እየሄደ ነው!»

«ለነገሩ አብራችሁ ናችሁ» አለው ይርሳው።

ይታያል ለጸደንያ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ማዶ ትንፋሿ የሚቆራረጠው ልጅ እያለቀሰች መስሎን ደንግጠን ነበር፤ ለካስ ሣቅ አላናግር ብሏት ነው።

«ማንም አልተጎዳም» አለች በመጨረሻ። «የአጎቴ አንድ እግር ጫማ ብቻ ሄደ። ወጥ ሠሪዋ እትዬ ፈንታነሽ የጎርፉን ጩኸት ሰምታ ሁላችንን በወጥ ማማሰያ እየነዳች አወጣችን። አዳራሹ ግን ሄደ!»

አዳራሽ የሚሉት የወንዙን ሆድ ነው። ወንዙ በየዓመቱ በበጋ መድረቅ ከጀመረ ወዲህ፣ ሰፊውና ነጩ አሸዋ ለቀበሌው ሰው ሜዳ ሆኖላቸዋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ስብሰባም ይደረግበታል። የመሪጌታ ግቢ ጠባብ ነው፤ ከግቢው ውጭ ያለው ደግሞ ባሕር ዛፍ ነው። ስለዚህ ድንኳኑን እዚያ ተከሉት። ማድ ቤቱን ከላይ ከገደሉ አፍ ላይ ስላደረጉት ወጡም፣ ጠላውም፣ እንጀራውም ተርፏል።

ቀና ስንል ማዶ ታዩን። ሰው ሁሉ ከዳገቱ ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ መሶብ ተሸክመዋል፤ መሐል ላይ ነጭ ቀሚስ አለ። ይታያል በአንድ እጁ ስልኩን ይዞ በሌላው እጁን አወዛወዘ። ነጩ ቀሚስም አወዛወዘ። ከዚያ ስልኩን ሌላ ሰው ተቀበለ።

«ልጄ ይታያል።»

«የኔታ! እንደምን አደሩ?»

«እንዴት እንዳደርኩ ከዚያው ሆነህ እያየኸኝ ነው። በል፣ ይኼው ሦስተኛው ነው።»

«የኔታ፣ ገና ረፋድ ነው፣ እባክዎ!»

«ቃሌን አላጥፍም። ሠርገኛ ሥርዓቱን ጠብቆ በደጄ ከገባ ልጄን እሰጣለሁ። ማዶ ቆሞ የሚውል ከሆነ ግን ጾሙ ይግባ፣ ነገሩም እዚህ ላይ ይብቃ።»

ስልኩ ተዘጋ። ይታያል መሬት ላይ ቁጭ ሊል ሲል ሱፉ ትዝ አለውና መልሶ ቆመ። ውኃው መቼ እንደሚጎድል የሚያውቅ የለም፤ ጮቄ አሁንም እንደጠቆረ ነው።

ከመንገዱ ዳር፣ አስፋልቱን የሚሠሩት ሰዎች ያቆሙት አፈር የሚዝቅ አንድ ቢጫ ሎደር ነበር። ጎማው ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ኦፕሬተሩ ስጦታው የሚባል የአማኑኤል ከተማ ልጅ ነው፤ መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ቆሎ እየቆረጠመ የሚሄዱትን ወንበሮች ያያል። ይታያል እየሮጠ ሄዶ እግሩ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ስጦታው ውኃውን አየ፤ ይታያልን አየ፤ ማዶ ያለውን ነጭ ቀሚስ አየ።

«ከጎማዬ እምብርት ካላለፈ እሻገራለሁ» አለ። «ከፊት ባለው አካፋ ሦስት ሰው ይገባል። እዚያ ላይ ሆናችሁ አትቁሙ፣ አትዝለሉ፣ አትከራከሩ።»

«መከራከሩ እንኳ ግዴታችን ነው» አለ ይርሳው።

ገባን። አካፋው ክንድ የሚያህል ጥርስ አለው፤ ውስጡ ጠጠር ነው። ሎደሩ አጓራና ወደ ላይ አነሣን። እዚያ ላይ ሆነን ነው ይርሳው ከፍታ እንደሚፈራ ያወቅነው። መጀመሪያ ዝም አለ፤ ይኼ ብቻውን ጉድ ነው። ቀጥሎ ዐይኑን ጨፈነ። ወንዙ መሐል ስንደርስ ሎደሩ አንድ ድንጋይ ረገጠና ዘለለ፤ ይርሳው የአካፋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ጠርሙሱ ግን ሦስተኛ እጅ አላገኘም። ድንጋይ ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሸንበቆ ወንዝ በዕድሜው እንደዚያ ሸትቶ አያውቅም።

ማዶው ዳር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን፣ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ የሆነ ልጃገረዶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ከፊታችን ተደረደሩ። መሐል ላይ የጸደንያ ጓደኛ እስከዳር አለች።

«ቁሙ! በሩ እዚህ ነው!»

ይርሳውን ጎሸምኩት። «ገባን?» አለኝ ዐይኑን ሳይገልጥ።

ይታያልን አየሁት። ሙሽራ በበር ክርክር አይናገርም፤ ከንፈሩን ነክሶ እኔን ያየኛል። ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል።

«የታለ በሩ?» አልኩ። ድምፄ መውጣቱ ራሴን አስደነገጠኝ።

«እኛ ነና! ሽቶ የታለ?»

«ወንዙ ጠጣው።»

«እንግዲያው ወንዙ ይግባ፤ እናንተ ተመለሱ!»

ልጃገረዶቹ እልል አሉ። ከሥራችን ስጦታው ራሱን በመስኮት አወጣ።

«እናንተ ልጆች፣ መንገድ ልቀቁ! አሸዋው እየዋጠኝ ነው!»

«ሚዜዎቹ ያስጠኑህን ነው የምትለው፤ አናምንህም!»

«እናቴ ትሙት እየሰመጥኩ ነው! የኋላ ጎማዬን እዩት!»

እውነቱን ነበር፤ አካፋው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ሲዘም ይሰማኛል። ከዳገቱ ላይ መሪጌታ ነጠላቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ቤት ሲያዞሩ አየሁ። ጸደንያ የአባቷን ክንድ ይዛለች።

«እስከዳር፣ እባክሽ» አልኩ። «ምንም የለንም። ያለችን ዣንጥላ ናት።»

«እንግዲያው በዣንጥላህ ጨፍር!»

እኔ በሰው ፊት ጨፍሬ አላውቅም። በዘመድ ሠርግ ሁሉ ወንበር ስደረድር፣ ወንበር ስሰበስብ ነው የምገኘው። ደግሞ «አትቁሙ» ተብለናል። ነገር ግን መሪጌታ አንድ እርምጃ ተራምደዋል። ዣንጥላዬን ዘረጋሁና ቆምኩ።

ትከሻዬ መጀመሪያ እንቢ አለ። ግራው ሲነሣ ቀኙ ይረሳዋል። ከዚያ ከጎርፉ ያዳኑትን ከበሮ አንድ ሰው መታው፤ ከወዲያ ማዶም ሹፌራችን የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ። ትከሻዬ የእኔ መሆኑ ቀረ። ወረድኩ፣ ተነሣሁ፣ ዣንጥላዋን እንደ ጦር ሰበቅሁ። አካፋው ከእኔ ጋር እየጨፈረ ይንቋቋል። ይርሳው እግሬን አቅፎ «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!» ይላል። ስጦታው «አትነቅንቀው!» ይላል። ነፋስ መጥቶ ዣንጥላዋን ወደ ላይ ቢገለብጣትም እኔ አላቆምኩም። ልጃገረዶቹ በሣቅ ፍርስ አሉ። አንዷ ጭቃው ላይ ተቀመጠች፤ እስከዳር ሆዷን ልትይዝ ክንዷን ለቀቀች።

የስጦታው ትዕግሥት ያለቀው በዚህ ጊዜ ነው። አካፋውን ከራሳቸው በላይ አሻግሮ ቀስ ብሎ አዘነበለው። ሦስታችንም ከጠጠሩ ጋር ከልጃገረዶቹ ኋላ፣ እሣሩ ላይ ተዘረገፍን።

«አይቆጠርም!» ብላ ዘለለች እስከዳር። «ከላይ ነው የገቡት! የኔታ፣ ይፍረዱ!»

መሪጌታ ዞረው ቆመዋል። ይታያል ጸጉሩ ውስጥ ጠጠር ይዞ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ እኔ የተገለበጠ ዣንጥላ ይዣለሁ፤ ይርሳው መሬቱን ይስማል። የመሪጌታ ጢም መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ትከሻቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ጎርፉም ከላይ ነው የመጣው፤ እሱን መቼ መለስሽው?» አሉ። «ገብተዋል።»

ጸደንያ ቀድማ ወረደች። ሙሽራ ቀስ ብላ ነው የምትራመድ ሲሏት አልሰማችም።

ምሳው ዐውድማው ላይ ሆነ። ወንበር የለ፤ ሰው በጆንያ፣ በድንጋይ፣ በእንጨት ላይ ተቀመጠ። ለስጦታው ከመሪጌታ ጎን ቦታ ተሰጠው፤ እትዬ ፈንታነሽ በዚያው ማማሰያዋ ታጎርስ ይመስል አጠገቡ ቆማ እምቢታውን አልተቀበለችም።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ወንዙ ጎደለ። ጠላው ሁለተኛ ሲቀዳ ኩሬ ኩሬ ብቻ ሆኖ ቀረ። ሎደሩ ጎማው ግማሽ ድረስ ተቀብሮ፣ በባዶ አሸዋ መሐል፣ ደክሟት እንደ ተኛች ላም ተቀምጧል።

«ትንሽ ብንጠብቅ በእግራችን እንሻገር ነበር» አለ ይርሳው። ምላሱ ተመልሶለት ነበር።

«ብትጠብቁማ አባዬ ቤት ገብተው በሩን ቀርቅረውት ነበር» አለችው ጸደንያ።

መሪጌታ ወንዙን ቁልቁል አዩት። «ስንፈልገው የለም፤ ሳንጠራው ይመጣል። ድሮ ወሩን ያውቅ ነበር» አሉ። «እኔም ቤቱን ጥሎ የሄደ መስሎኝ ቤቱ ውስጥ ሠርግ ደገስኩ።» ብለው መልሰው ሣቁ።

መሄጃችን ሲደርስ ሙሽሮቹ ተንበርክከው የመሪጌታን ጉልበት ሳሙ። የእሳቸው ምርቃት ከአዳምና ከሔዋን ነው የሚጀምረው። አዳምን ጨርሰው፣ ኖኅን አልፈው፣ አብርሃም ላይ ሲደርሱ ከጮቄ በኩል አንድ ነጎድጓድ ተንደረደረ። ሁላችንም ቀና አልን። መሪጌታም እጃቸውን ሙሽሮቹ ራስ ላይ እንዳደረጉ ሰማዩን አዩ።

«የቀረውን ለፋሲካ ስትመጡ» አሉ። «ሩጡ!»

ሮጥን። ሚዜው፣ ሽማግሌው፣ ከበሮ መቺው፣ ሁሉም በአሸዋው ላይ ሮጠ። እስከዳር የሙሽራይቱን ሻንጣ በራሷ ተሸክማ ታልፈኛለች፤ ይርሳው የሚረግጠው ኩሬ ሁሉ እኔ ላይ ይረጫል፤ ከዳገቱ ላይ መሪጌታ በመቋሚያቸው ደመናውን እያመለከቱ ይጮኻሉ። ይታያል አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀርቶበት ሊያወጣው ጎንበስ ብሎ ይጎትታል። ጸደንያ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሁላችንንም ቀደመች፤ ማዶው ዳር ላይ ወጥታ ዞረችና በሁለት እጇ አፏን ከልላ ጠራችው።

«ይታያል! ጫማውን ተወውና ና! አራተኛ ልታስቀጥረኝ ነው?»