የብርሃን ፍሬ በዘር ጓዳዬ

በሩ ተዘግቶ፣ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ተወትፎ፣ እዚያ ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ልጄን ትንፋሽ ቢያጥራትስ? ጠዋት ከገባች ጀምሮ ራሴን ስጠይቅ ቆየሁ። ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ግን የአንድ ጓዳ አየር ለስንት ሰዓት እንደሚበቃ ያስተማረኝ የለም።

“ሀዋኒ! አለሽ?”

“አለሁ፣ አኮ። ቅድምም ነበርኩ።”

“ብርድ ልብሱን ደርበሻል?”

“ደርቤያለሁ። ደግሞ በሩን አይደገፉት፣ ይንቀጠቀጣል።”

ሀዋኒ የልጄ ልጅ ናት፤ አኮ የምትለኝ አያቷ ስለሆንኩ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ በእኔ እጅ አደገች፣ ፊዚክስ ተማረች፣ አሁን የሁለተኛ ዲግሪዋን የመጨረሻ ሥራ እየሠራች ነው። ሮቤ ውስጥ ስንት ሕንጻ እያለ የእኔን የዘር ጓዳ ለምን እንደመረጠች ብጠይቃት፣ “ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መስኮትም የለውም” አለችኝ። ስንዴዬን እንዳለ አውጥቼ ሳሎን ደረደርኩላት።

ሥራዋን ያስረዳችኝም በስንዴው ነው። ብርሃን ስናየው እንደ ውኃ የሚፈስ ይመስላል እንጂ ፍሬ ፍሬ ነው አለች፤ ፍሬዋ ፎቶን ትባላለች። “ከአምፖል የሚወጣው በጆንያ ነው፣ አኮ። እኔ አንዷን ፍሬ ለይቼ መልእክት እጭንባታለሁ። ማዶ ያለው ዓይን ይቀበላታል።”

ዓይን ያለችው ከመምህሯ የተዋሰችውን ጥቁር ሣጥን ነው። ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ ጎባ ወስዳ ትመልስለታለች። እየሠራ ሳለ የቀን ብርሃን ከገባበት ይታወራል። ከታወረ ሌላ የሚያውሳት የለም፤ የዓመት ልፋቷ እዚያው ጓዳ ውስጥ ይቀራል።

በዚህ ቀን ነው እንግዲህ ሽማግሌ የመጣብን።

ልጄ ጉሉማ፣ የሀዋኒ አጎት፣ ሳይነግረኝ ሽማግሌዎቹን ይዞ ገባ። መሪያቸው የጎባው አቶ ወልደአማኑኤል ናቸው፤ ሀዋኒን ለወንድማቸው ልጅ ሊጠይቁ።

“አካም ጂርቱ፣ አዴ ሲምቦ?” ብለው በኦሮምኛ ደኅንነቴን ጠየቁኝ አቶ ወልደአማኑኤል፣ በጆንያዎቹ መካከል መቀመጫ እየፈለጉ። “ቤትዎን እህል በረንዳ አደረጉት እንዴ?”

“እማዬ፣ ሀዋኒን ይጥሯት እንጂ” አለ ጉሉማ።

“ሥራ ላይ ናት።”

“ጓዳ ውስጥ? እንግዳ ተቀምጦ?” ብድግ አለ። “ሀዋኒ! ውጪና ሰላም በያቸው!”

“ጋሼ፣ እባክዎ እንዳይከፍቱት! ዓይኑ እየሠራ ነው! እባክዎ!”

ያቺ ልጅ ጥርሷ ሲነቀል እንኳ ማንንም አልለመነችም። ጉሉማ ግን እየተራመደ ነበር።

እኔ ነጎድጓድ ሲያጉረመርም አልጋ ሥር መግባት የሚያምረኝ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን ምን እንዳስሮጠኝ አላውቅም። ሲንቄዬን ከግድግዳው ላይ አወረድኩ፤ እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝን በትር። የጉሉማ እጅ መቀርቀሪያው ላይ ሳይደርስ በበሩ ደፍ ላይ አጋደምኩት። ያገባች ሴት ያጋደመችውን ሲንቄ ወንድ አይሻገርም፤ የእኛ አገር ሰው ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት አይገባም።

ጉሉማ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ።

“እማዬ! በእንግዳ ፊት? በገዛ ልጅዎ ላይ?”

“በልጄ ልጅ በር ላይ።”

“ተመለስ፣ ልጄ” አሉት አቶ ወልደአማኑኤል። “ይህ በጉልበት የሚታለፍ አይደለም። ለመሆኑ፣ አዴ ሲምቦ፣ ውስጥ ምን ይዛለች?”

ነገርኳቸው። ፍሬዋ ቆማ ከመጣች “አዎ” ማለት ነው፣ ተጋድማ ከመጣች “አይደለም”። መንገድ ላይ ሌላ ሰው ሰርቆ ሊያያት ከሞከረ ትዛባለች፤ ሌባው መኖሩ በዚያ ይታወቃል። “በማለዳ ገብስ ውስጥ እንዳለፈ ሰው ነው፤ ጤዛው ያጋልጠዋል” አልኳቸው። ጤዛዋን እንኳ ከራሴ ነው የጨመርኳት። ድምፄ ለራሴ ገረመኝ፤ የሰበካ ጉባኤ ሰብሳቢ መስያለሁ።

አቶ ወልደአማኑኤል ጢማቸውን አሻሹ። “ጨለማ ውስጥ አንዲት ፍሬ ብርሃን ፈልጋ ካገኘች፣ የእኛ ልጅ ደሞዙን የት ሊደብቅ ነው?”

ሽማግሌዎቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ጉሉማ አልሳቀም። ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲንቄውን ያያል። እርጎ ሰጠኋቸው፤ ጠበቁ።

ፀሐይ ከጣሪያው በላይ ስትቆም ከውስጥ ጩኸት መጣ። “አኮ! ይክፈቱ! አጥፍቼዋለሁ፣ ከእንግዲህ ብርሃን አይጎዳውም!”

ሲንቄዬን አነሳሁ። ሀዋኒ ፀጉሯ ላይ ገለባ ተጣብቆ፣ ዓይኗን እያሻሸች ወጣች። “ደረሰች፣ አኮ! የጫንኩባትን ይዛ ደረሰች!”

ከዚያ እንግዶቹን አየች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። “አባቶቼ፣ አስጠበቅኳችሁ፣ ይቅርታ። ለመጣችሁበት ጉዳይ ደግሞ ትምህርቴን ስጨርስ ራሴ መልስ እሰጣለሁ።”

“ራሷ!” አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፣ በበትራቸው መሬቱን እየመቱ። “እሺ፣ እንጠብቃለን። የምትጠበቅ ናት።”

የእኔ ጓዳ! ዘርና አይጥ እንጂ ሌላ አይቶ የማያውቅ ጓዳ! እናቷ ቆማ ባየች ብዬ እንባዬ መጣ። ወዲያው ደግሞ ሌላው ጭንቅ ያዘኝ።

“ይህን ሣጥን በባጃጅ ልትወስጂው ነው? ቢያንገጫግጨውስ? ከእጅሽ ቢያመልጥስ?”

“አኮ፣ አይሰበርም።”

“ቢሰበርስ?”

ጉሉማ ከጆንያው ላይ ተነሳ። ጋቢውን ከትከሻው አወረደ፣ እጥፍ እጥፍ አድርጎ ሣጥኑን ጠቀለለበት፣ እንደ አራስ ልጅ ደረቱ ላይ አቀፈው። በሩን በክርኑ ገፋ አድርጎ፣ ባጃጅ ፍለጋ ሀዋኒን ቀድሟት ወጣ።