ቀድሞ የተወሰደው

ዓይናዲስ የጎረቤቷን ልጅ ኮቴ መስማት የጠላችው ልጇ ሊዶር ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ ነው። ዶራ ሰፈር ውስጥ፣ ባሮጌው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እሷና ዓለምወርቅ በር ለበር ይኖራሉ። የዓለምወርቅ ልጅ ኢላይ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወጣ ይሰማታል። የእሷ ሊዶር ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ ሳሎን ተኝቷል።

ሁለቱ ልጆች ለውትድርና ዘምተው ጋዛ ውስጥ ባንድ ፍንዳታ ነበር የቆሰሉት። ሄሊኮፕተሩ ላይ የቀረው የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ነበር። ኢላይ ሄደ። ሊዶር ሌላ እስኪመጣ አርባ ደቂቃ መሬት ላይ ቆየ።

"ለኢላይም እኮ ጣፊያውን አውጥተውለታል" ይላታል ባሏ ቃኘው።

"ጣፊያ ማን ያያል?" ትለዋለች።

ዓለምወርቅ ወተቷ በደረቀ ጊዜ ኢላይን ያጠባችው ዓይናዲስ ነበረች። አሁን ያ ትዝ ሲላት ጡቷ የተሰረቀ ይመስላታል። ዓለምወርቅ ልጄ ተረፈልኝ ብላ የምስጋና ድግስ ስትደግስም አሞኛል ብላ ቀረች። እልልታው ግን ግድግዳውን አልፎ መጣባት።

ቃኘው ከድግሱ ሲመለስ፣ "የቆሰሉትን አይታ ማን ይቅደም ያለችው ሖቬሼት፣ የጦሩ ነርስ፣ ድግሱ ላይ ነበረች" አላት። "ሺረል ትባላለች፣ የኛው ያበሻ ልጅ ናት። ቤቷ ዐጋሚም ሰፈር ነው።"

ማክሰኞ ዕለት ዓይናዲስ ለማንም ሳትናገር አውቶቡስ ተሳፍራ ዐጋሚም ወረደችና ቤቱን ጠያይቃ አንኳኳች። በር የከፈተችላት ሃያ ሁለት ዓመት የማይሞላት ቀጭን ልጅ ነበረች።

"የሊዶር እናት ነኝ።"

የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ። "ይግቡ" አለቻት።

ዓይናዲስ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ልጄን ለምን አስቀረሽው?"

ሺረል አማርኛው እየተያዘባት መለሰች። "ሊዶር ይጮህ ነበር። የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል። እግሩን አስሬ ደሙን አቁሜዋለሁ። ኢላይ ግን ዝም ብሏል። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ሆዱ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል። ደሙ ወደ ውስጥ ነበር የሚፈሰው፤ እሱን እኔ ማሰር አልችልም።"

"ቀድሞ ቢሄድ እግሩ ይተርፍ ነበር?"

"ዶክተሮቹ አይተርፍም ነበር ብለውኛል። እኔ ግን አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎት፣ አላውቅም።"

"ኢላይ ይቅደም ያለው ሊዶር ነው አይደል?" ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚያወራው። እሷም የምትጽናናው በዚያ ወሬ ነበር።

ሺረል መሬት መሬት አየች። "እሱን ይጠይቁት።"

ዓይናዲስ ቤቷ ስትገባ ሊዶር ቴሌቪዥን ያያል። ቃኘው ሥራ ነው።

"ሺረል ዘንድ ሄጄ ነበር" አለችው።

ቴሌቪዥኑን አጠፋው። "ነገረችሽ?"

"አንተን ጠይቂው አለችኝ።"

"እጅጌዋን ይዤ እኔን አስቀድሚ አልኋት፣ ኢማ። ኢላይ አጠገቤ ዓይኑ ሲገለበጥ እያየሁት። 'እሱ ሞቷል፣ እኔን ውሰጂ' አልኋት። ሰው ጀግና ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኛል። ደግሞ ደረጃው ላይ ሲሮጥ ስሰማው እቀናለሁ። አሁንም እቀናለሁ።"

ዓይናዲስ አጠገቡ ተቀመጠች።

"እኔም" አለችው። "ኢላይ ምነው እዚያው በቀረ ያልሁበት ቀን አለ። ያጠባሁትን ልጅ።"

ዓርብ ሊዶር ራሱ ደውሎ ኢላይን ጠራው። መኝታ ክፍል ገብተው፣ ዘግተው ተነጋገሩ። ዓይናዲስ ምን እንደተባባሉ አልሰማችም። አንዱ ሲያለቅስ ሰምታለች፤ የትኛው እንደሆነ ግን አልለየችም።

የውጭውን በር ብትከፍት ዓለምወርቅ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፣ መግባት ፈርታ።

"ቀንቼብሽ ነበር" አለቻት ዓይናዲስ።

"አውቃለሁ። ድግሱን ሌላ ቦታ ባደረግሁት ኖሮ እያልሁ እንቅልፍ አጣሁ።"

"ቅናቱ አሁንም አልለቀቀኝም።"

ዓለምወርቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"ግቢ" አለቻት ዓይናዲስ። "ቆመሽ አትቅሪ።"

ገባች። ልጆቹ ከክፍሉ እስኪወጡ ድረስ ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ።