ወደ ውስጥ የተሳበው አዎ

ሰሚያ ከነጋ ጀምሮ አልተቀመጠችም። አሥራ ስምንት ክፍል ያለውን አሮጌ ፎቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ የማያፈሰውን ቧንቧ ታጠብቃለች፣ የተቆለፈውን በር ደግማ ትፈትሻለች። የእርዳታ ድርጅት መምራት እንዲህ ነው እያለች ራሷን ታታልላለች እንጂ እውነቱ ሌላ ነው። ሴትዮዋ እምቢ ማለት አይሆንላትም፤ እምቢ ማለት የማይሆንለት ሰው ደግሞ እግሩ አያርፍም።

ፎቁ ያለው ጆሃንስበርግ መሀል ከተማ ነው። ደንቡ አጭር ነው። የገባ ሰው አንድ ዓመት በርካሽ ኪራይ ይኖራል፣ ምድር ቤት ወርዶ ስፌት ወይም የፍሪጅ ጥገና ይማራል፣ ከዚያ ሥራ ይዞ ክፍሉን ለሚቀጥለው ይለቃል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል።

የሰባት ቁጥር ክፍሏ በለጥሽ ዓመቷ አርብ ይሞላል። ከሆሳዕና መጥታ ሶዌቶ ውስጥ አምስት ዓመት ሙሉ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ዳቦና ኤርታይም፣ ማለትም የሞባይል ካርድ፣ ስትሸጥ ኖራ፣ ሱቁ ሲዘረፍ ባዶ እጇን የቀረች ናት። በስፌት የሚደርስባት የለም፤ ሥራ ግን እስካሁን አልተገኘላትም። በሌላ በኩል ሊና የምትባል እናት አይቮሪ ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ዘመዷ ሱቅ ውስጥ፣ ሁለት ልጆቿን አቅፋ ከዱቄት ጆንያ ሥር ታድራለች። ሰሚያ ሰባት ቁጥርን ለአርብ ቃል ገብታላታለች። በለጥሽ ሥራ ካላገኘች ወዴት ትሄዳለች ብሎ ሊጠይቃት የሚቃጣውን ሁሉ ግን በሥራ ብዛት እያሳበበች ትሸሸዋለች።

ማክሰኞ ጠዋት ነገሩ የተቃና መሰለ። ማ ኖምሳ የተባለች የዩኒፎርም ስፌት ቤት ባለቤት በለጥሽን በስልክ ልትጠይቃት ደወለች። ሰሚያ ድምፁን ከፍታ ከጎኗ ቆመች። ማ ኖምሳ ኦቨርሎክ በሚባለው የጨርቅ ጠርዝ መጥለፊያ መኪና መስፋት ትችያለሽ ወይ አለች፤ በለጥሽ አዎ አለች። ዚፕ መግጠም፣ ቅዳሜ መሥራት፣ በጊዜ መድረስ፣ ለሁሉም አዎ። ሰሚያ ደስታዋን መያዝ አቅቷት ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረገቻት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ማ ኖምሳ መልሳ ደወለች። ቅር ብሏታል። ልጅቷ አንድም ጥያቄ አልመለሰችልኝም፣ ሙያውን ካላወቀች ለምን ጊዜዬን ታባክኚያለሽ አለቻት። ሰሚያ ሁሉንም ስትመልስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብላ ልትሟገት አፏን ከፈተች፤ ያኔ ገባት።

በለጥሽ አዎ ያለችው እኛ አገር እንደሚባለው ነበር፤ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጋ። ሰሚያ እያንዳንዷን አዎ ጥርት አድርጋ ሰምታለች፤ ለስፌት ቤቷ ባለቤት ግን ዝምታ ነበር። ሰሚያ ዓይን እያዩ መናገርን፣ እጅ ጠበቅ አድርጎ መጨበጥን ሦስት ወር አስተምራለች። ይሄን ግን ማን ያስተምራል? የሚማሩት ነገር መሆኑንም አታውቅም ነበር። አፈረች፤ ከማፈሯም በላይ በራሷ ተናደደች። ማ ኖምሳን ለምና፣ ለምና ለረቡዕ በአካል ቀጠሮ አስያዘች።

ረቡዕ ታክሲ ውስጥ ሰሚያ አላርፍ አለች። «ዛሬ ትንፋሽ የለም፤ ለጠየቀችሽ ሁሉ ጮክ ብለሽ የስ በያት» አለቻት። በለጥሽም መንገዱን ሙሉ የስ፣ የስ ስትል ከፊት የተቀመጡ ሴትዮ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ ተለማመደች።

ስፌት ቤቱ ደርሰው በለጥሽ የሸሚዝ ኮሌታ እዚያው ሰፍታ አሳየች። ማ ኖምሳ ስፌቱን አገላብጣ አየችና ጥያቄዋን ቀጠለች፤ የስ፣ የስ፣ የስ። በመጨረሻ መነጽሯን አወለቀች።

«ማደሪያስ አለሽ? ያለፈችው ልጅ ከክፍሏ ተባርራ በወሩ አጋማሽ ጥላኝ ሄዳለች። ከሌለሽ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

በለጥሽ ሰሚያን አየቻት። ከዚያ ቤቱን የሚሞላ የስ አወጣች። ሰኞ ጀምሪ ተባለች።

ውጭ ሲወጡ ሰሚያ ትሳቅ ትቆጣ ግራ ገባት። የመጀመሪያው ደሞዝ እስኪደርስ ማንም አያከራያትም፤ ሰባት ቁጥር ለአንድ ወር የበለጥሽ መሆን አለበት ማለት ነው። ይህን ለሊና መንገር ያስፈልጋል፤ ያውም ዛሬ፣ ዕቃዋን ሳትሸክፍ። ሰሚያ ታክሲ ውስጥ ቃላቱን በልቧ ደርድራ ደወለች።

ሊና ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ መቼ እንገባለን እያሉ መከራዋን እንዳበሏት ነገረቻት። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ሰሚያዬ፣ አርብ ክፍሉ የኛ ነው አይደል?»

ሰሚያ «ሊና፣ ትንሽ ታገሺኝ» ልትል ነበር። ለመናገር ደግሞ አየር ያስፈልጋል። ሰሚያ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳበች።

«አልሀምዱሊላህ» አለች ሊና። ድምፅዋ ከስልኩ ራቅ ብሎ ልጆቿን ስትጠራ፣ አለችን፣ አዎ አለችን ስትላቸው ተሰማ፤ ትንሿ ልጅ ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያልለየለት ድምፅ አወጣች። ስልኩ ተዘጋ።

ያፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ስለ ትንፋሽ ወለምታ የተባለ ነገር የለም። ሰሚያ መልሳ ልትደውል ጣቷን ቁጥሩ ላይ አኖረች።

«አዎ አልሻት» አለች በለጥሽ ቀስ ብላ።

«አላልኳትም።»

«እኔም ሰምቻለሁ፣ እህቴ።»

ሰሚያ የሊና ትንሿ ልጅ ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አላት። ሳትደውል ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ፎቁ እንደደረሱ በቀጥታ ወደ ቢሮዋ ገባች፤ ፋይሎቹን መሬት ላይ ዘርግፋ ጠረጴዛውን ወደ በሩ መጎተት ጀመረች። ቢሮዋ ጠባብ ናት፣ መስኮቷም ደህና አይዘጋም፤ ሰባት ቁጥር ለሊና ሲለቀቅ ግን ለበለጥሽ አንድ አልጋ ትይዛለች። በለጥሽ ነገሩ ሲገባት የጠረጴዛውን ሌላኛውን ጫፍ አነሳች።

«አንቺስ የት ልትቀመጪ ነው?» አለቻት ደጃፉ ላይ ሲደርሱ።

«መቼ ተቀምጬ አውቃለሁ» አለች ሰሚያ፣ ጠረጴዛውን ወደ ደረጃው እየገፋች።